ቤታችን ያስገባው ማመልከቻ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

በሕልሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሰልፉ ከእኛ በር፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ተነስቶ እስከ ግቢው መውጫ ይደርሳል። ቆጠርኳቸው፤ ስልሳ አራት ናቸው። ሁሉም የሊዝ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ነበሩ። ከፊት የቆመው የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይርዳው ነው፤ ካኪ ፖስታ ከብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ክራቫቱን ፈትቶ በእጁ ይዟል።

አቶ ይርዳውን በውኑም አውቀዋለሁ። የአፓርታማችን የሊዝ ዘመን የፊታችን ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። እንዲራዘምልን ካመለከትኩ አሥራ አራት ወሬ ነው። ቢሮው ሃያ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። ባለቤቴ እልፍነሽ ዓይኗ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ቤቱን የምታውቀው በእርምጃ ነው፤ ከአልጋው እስከ ወጥ ቤቱ አሥራ አንድ፣ ከወጥ ቤቱ እስከ በረንዳው ስድስት። ከዚህ ከወጣን ሌላ ቤት እንደገና የምትለምድበት ዕድሜ የላትም። ይህንንም ለአቶ ይርዳው ነግሬው ነበር። በማመልከቻው ላይ ይጥቀሱት አለኝ። ጠቅሼዋለሁ።

በሕልሜ ግን ደጅ የሚጠናው እሱ ነበር። በራችን ላይ ጠባብ መስኮት ተቆርጧል፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሊያናግረኝ የፈለገ ሁሉ ማጎንበስ አለበት። ልኩን አልሳትኩትም፤ እኔ የማጎነብስበት የእነሱው ቢሮ መስኮት ነው።

አቶ ይርዳው አጎንብሶ፣ «ጌታዬ፣ የወንበሬ ዘመን አልቋል» አለኝ። «እርስዎ ካላራዘሙልኝ ቆሜ ልሠራ ነው።»

«እስከ ዛሬ ተቀምጠህ ምን ሠራህ?»

ወንበሩ እንደማይቃወም የሚገልጽ ደብዳቤ ከራሱ ከወንበሩ አጽፎ እንዲያመጣ ነገርኩት። ሁለት ኮፒም ጨመርኩበት። ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

ከዚያ ሜዳ ላይ ነበርን። መነጽር ያደረገ አህያ ሜትር ይዞ የጽሕፈት ቤቱን መሐንዲሶች ይለካል። መሐንዲሶቹ እያንዳንዳቸው የአሸዋ ጆንያ ተሸክመዋል። አህያው ከመካከላቸው አንዱን፣ ወፍራሙን፣ ሁለት ጊዜ ለካውና ራሱን ነቀነቀ።

«ትከሻህ ከካርታው ያልፋል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ጎረቤት ገብተሃል።»

መሐንዲሱ እንዲህ ሆኖ የተወለደው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት መሆኑን አስረዳ። እናቱን ምስክር ጠራ። አህያው አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ዘርግቶ በሰኮናው ፈለገ።

«በአየር ካርታው ላይ አትታይም» አለው። «ይፈርሳል።»

ሰውየው እዚያው ጆንያውን እንደተሸከመ አለቀሰ። ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር። አላሳዘነኝም፤ ሌላውን ትከሻውንም እንዲለካ ለአህያው ነገርኩት።

ተመልሼ መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ። እልፍነሽ ከኋላዬ የመዝገብ ቤት ሹም ሆና ፋይል ትደረድራለች። በሕልሜ ዓይኗ ያያል። የሸሚዝህ ኮሌታ ቆሽሿል፣ በዚህ ሁኔታ ነው እንዴ ባለጉዳይ የምታስተናግደው አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ያልሰማሁት ነቀፋ ነው። ደግማ እንድትለው ፈልጌ ኮሌታዬን ሳላስተካክል ተውኩት።

የአቶ ይርዳው ወንበር በአራት እግሩ እየተራመደ መጣ። ደብዳቤ ይዟል። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጦብኛል፣ ለአንድ ባለጉዳይ እንኳ ብድግ ሲል አላየሁም፣ ስለዚህ መራዘሙን እቃወማለሁ ይላል። አቶ ይርዳው ወንበሩን በዓይኑ ለመነው። ወንበሩ ፊቱን አዞረ።

ለተረፉት ሁሉ ሲስተም የለም አልኳቸው። ምን ዓይነት ሲስተም እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ ያውቁታል። አንዷ ፀሐፊ ከሩቅ እንደመጣች ልትነግረኝ ጀመረች። ስብሰባ አለኝ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁባት። ስብሰባ አልነበረኝም። ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ስጠብቅ እየጣፈጠኝ ሄደ፤ ባባረርኩ ቁጥር ሌላ የማባርረው ሰው አማረኝ።

እንደገና ተንኳኳ። ስልሳ አራቱንም ሸኝቻለሁ፤ ስልሳ አምስተኛ አልነበረም። መስኮቱን ስከፍት ቢጫ መጋረጃ ታየኝ። የእኛ መጋረጃ ነው። ዙሪያዬን ሳይ ግድግዳ የለም፤ ጣሪያም የለም፤ እኔ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ በር ብቻ ደረጃ ላይ ቀርተናል። ቤታችን ወጥቶ ተሰልፎ ኖሯል። ወደ መስኮቱ ሲያጎነብስ ልስኑ እየተሰነጠቀ ይራገፋል።

«ጋሼ ተካልኝ» አለኝ። «ሁለት ሰዎች አሉኝ። ዘመናቸው ሊያልቅብኝ ነው። እንዲራዘሙልኝ ልለምን ነው የመጣሁት።»

ቀና አላልኩም። «ሰዎቹ ያንተ ለመሆናቸው ማስረጃ አለህ?»

ቤቱ ኮሪደሩን ከፍቶ አሳየኝ። ከመኝታ ክፍሉ እስከ ወጥ ቤቱ በወገብ ቁመት አንድ መስመር አለ፤ ቀለሙ ተልጦ፣ ሲሚንቶው እንደ መስተዋት ለስልሷል። እልፍነሽ መዳፏን እያስደገፈች የምትሄድበት ነው። ሁለት ጊዜ ቀብቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሳ ልጣዋለች።

«ማህተም የለውም» አልኩት።

የሰማሁት ድምፅ የአቶ ይርዳው ነው። ከእኔ አፍ ግን ወጥቷል። ቀና ብዬ ላየው፣ ተሳስቻለሁ ልለው ሞከርኩ። አንገቴ እንቢ አለ። ማህተሙ እጄ ላይ ነበር፤ ጣቶቼ ግን አይታጠፉም።

«ነገ ልመለስ?» አለኝ ቤቱ።

«ሰኞ።»

አመስግኖኝ ዞረ። ማመስገኑ እስካሁን ያቃጥለኛል። ደረጃውን በጥንቃቄ እየወረደ ሄደ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ድስቶቻችን ሲንኳኩ ይሰማኛል። እልፍነሽ ፋይሎቹን ጥላ ተነሳች። ዓይኗ እንደገና ጠፍቶ ነበር። መዳፏን ግድግዳ ወደነበረበት ዘርግታ መቁጠር ጀመረች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ከፊቷ ወለል አልነበረም። አሥራ አንድ ስትል ቀሚሷን ልይዝ ተወረወርኩ፤ ነቃሁ።

ነግቷል። እልፍነሽ ለባብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ መታወቂያዬን በእጇ ይዛለች።

«ተነሳ» አለችኝ። «የፖሊስ ጣቢያው ማስረጃ ክፍል ሁለት ሰዓት ይከፍታል።»

ትናንት፣ በሃያ ሰባተኛው ምልልሴ፣ ፋይላችን ከመዝገብ ቤታቸው መጥፋቱን ነግረውኛል። አዲስ ፋይል የሚከፈተው የመጥፋቱን ማስረጃ ከፖሊስ ሳመጣ ነው። ፖሊስ ማስረጃ የሚሰጠው ንብረቱ ለጠፋበት ሰው ነው። ስለዚህ እነሱ የጣሉትን ፋይል እኔ ጣልኩ ብዬ መፈረም አለብኝ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አዝናልኝ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ፤ አባባ፣ ቢሮ ውስጥ ጠፋ እንዳይሉ፣ ነገሩ ወደ እኛ ይመለስና ሰኔ ያልፍብዎታል፣ ታክሲ ውስጥ ረሳሁት ይበሉ ብላ መከረችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሜትሮሎጂ ጣቢያ የዝናብ መለኪያ አንብቤያለሁ። ባልዘነበ ቀን ዜሮ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም።

እልፍነሽ ግን አስጠናችኝ።

«ከየት ወደ የት ስትሄድ ነው የጠፋብህ?»

«ከመገናኛ ወደ ሳሪስ።»

«ፊት ነበርክ ኋላ?»

«ኋላ።»

«አጠገብህ ማን ነበር ቢሉህስ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

«እኔ ነበርኩ በል» አለችኝ፤ ነጠላዋን አነሳች። «አብሬህ እመጣለሁ። ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ።»