ምንም ያልነኩት የመዝገብ ቤት ኃላፊ

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ «እኔ ምንም አልነካሁም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በዚህኛው መሥሪያ ቤት ማዕረጉን የያዙት የተከበሩ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት አንዲት ወረቀት ጠፍታባቸው አታውቅም። ኮምፒውተሩ ግን በመጣ በሳምንቱ መቶ አርባ ደብዳቤ ዋጠባቸው።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከምድር ቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

«ልጄ፣ እኔ ምንም አልነካሁም፤ ደብዳቤዎቹ ግን የሉም።»

«ጋሼ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ናቸው እኮ።»

«የምን ቆሻሻ? ሥዕሉ ቅርጫት ነው። እኔ ደግሞ ገቢ ደብዳቤ የማኖረው ቅርጫት ውስጥ ነው።»

በሌላ ቀን ማውዙ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰባቸው። አንስተው መመለስ እንደሚቻል የነገራቸው ስላልነበረ፣ በቁጥርና በማኅተም ደብዳቤ ጽፈው ተጨማሪ ጠረጴዛ ጠየቁ። ተፈቀደላቸውም።

ባለሙያዋ ይህን ሁሉ ለጓደኞቿ እያወራች ስትስቅ ከረመች። አንድ ረቡዕ ግን የደወለችላት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ነበረች፤ «ቶሎ ነይ፣ ጋሼ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው።»

ስትደርስ ኃላፊው የሻይ ብርጭቋቸውን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ።

«ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አሰናበተኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ስክሪኑ ላይ «ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ስላላደረጉ ተሰናብተዋል» ይላል።

«ለጡረታዬ አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ። ሰው ቢያባርረኝ አቤት እላለሁ። ይኼን ለማን አቤት ይባላል?»

ሳቋ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ የጠቀለሉትን ብርጭቆ ካርቶን ውስጥ ሲያስቀምጡ አይታ ዋጠችው። የባሰው ደግሞ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን ከምሳ በፊት በጥድፊያ ከእንግሊዝኛ የተረጎመችው እሷው ራሷ ናት።

«ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ትክ ብለው አዩዋት። «ታዲያ ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ነገሩን እስክታስረዳቸው፣ እሳቸውም እስኪያምኗት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የኮምፒውተሩን መልእክቶች አንድ በአንድ ስታነብላቸው፣ የተከበሩት ኃላፊ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። «ይኼ ለሰው ነው የተጻፈው?» ይሏታል፤ ትሰርዘዋለች። ያ ስንብት «ራቅ ብለው ስለቆዩ ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩን ዘግተንልዎታል፤ የሚስጥር ቃልዎን ጽፈው ይግቡ» ተባለ። ከቅርጫቱ ሥዕል ሥርም «የሚጣል» የሚል ተጻፈ።

ከገንዘብ ያዧና ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ለባለሙያዋ የሚደወለው ስልክ ቀነሰ። ቀጥሎ የሦስተኛው ፎቅም ዝም አለ። ባለሙያዋ መጀመሪያ ደስ አላት፤ በአራተኛው ቀን ስልኩ የሚሠራ መሆኑን አንስታ አረጋገጠች። በአምስተኛው ቀን ማንም ሳይጠራት ደረጃውን ወጣች።

ኃላፊው በሁለት ጣት ይጽፋሉ። ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ የተበላሸ ነገር አለ?»

«የለም ጋሼ። እንዲያው መጣሁ።»

በእግራቸው ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።