አቶ ደንቡና የጋራ ቴራሳችን ጥላ

መሠረት የሌለው ሕንጻ ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ አቶ ደንቡ የሌሉበት ሕንጻ ግን የለም። በዕድሜዬ አራት ቤት ቀይሬአለሁ፤ አራቱም ጋ ነበሩ። አንዱ ጋ ረጅም፣ አንዱ ጋ አጭር፣ አንዱ ጋማ ሴት ነበሩ። መልካቸው ይለያይ እንጂ ነገራቸው አንድ ነው። ሰው ሁሉ "ይሁን" ብሎ ሊነሳ ሲል መነጽራቸውን ከግንባራቸው ያወርዱና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ደንቡ ምን ይላል?" ይላሉ።

የአሁኑ፣ የእኛው አቶ ደንቡ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ እሳቸውን ያሰናበተ መስሎታል፤ እሳቸው ግን መዝገብ ቤቱን ይዘውት ነው የመጡት። ትክክለኛ ስማቸውን የምታውቅ ሚስታቸው ብቻ ናት፤ እሷም ስትናደድ "አቶ ደንቡ" ነው የምትላቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ ሜትር አይለይም። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ተንበርክከው የጫማ መደርደሪያዬን ሲለኩ አገኘኋቸው።

"ምነው፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ሁለት ጣት ወደ ኮሪደሩ ወጥቷል እትዬ። ኮሪደር የጋራ ነው።"

"ሁለት ጣት ማንን ያደናቅፋል?"

"ዛሬ ሁለት ጣት ነው፣ ነገ ክንድ ይሆናል። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።"

ከሁለታችን በቀር ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። ቃለ ጉባኤውን ማን እንዲይዝላቸው እንደፈለጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ አድልዎ የለባቸውም። አንድ ጊዜ የራሳቸው ባልዲ ሞልቶ ፈሶ ደረጃው ረጠበ። በማግስቱ መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፤ የተጻፈው ለእሳቸው፣ የፈረሙት እሳቸው። ከሥሩ ደግሞ "ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል" ብለው ዳግመኛ ፈርመዋል። የአንደኛ ፎቋ ፀጉር ሠሪ ያንን አንብባ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኔ አምስተኛው፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነኝ። የገባነው ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ነው። እሱ ፍራሹን ተሸክሞ፣ እኔ መስታወቱን ታቅፌ፣ በየፎቁ እያረፍን፣ በየፎቁ እየሳቅን ወጣን። "ከላያችን የሚረግጠን የለም" ይለኝ ነበር። ያኔ ሰው ጉልበት የሚባል ነገር እንዳለው አላውቅም ነበር። አሁን ግን አውቄዋለሁ፤ ወደ ታች መውረድ ቀርቶብኛል። ከደጅ የተረፈኝ ከበሬ አሥራ አንድ ደረጃ ወጣ ብሎ ያለው የስምንታችን ባለቤቶች የጋራ ቴራስ፣ የሕንጻው ጠፍጣፋ ጣራ ነው። እሱም ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዓይኔን ከታከምኩ ወዲህ ደግሞ ብርሃን አልችልም።

ልጄ ቁርጡን ነገረችኝ። "እማዬ፣ ክረምት ከበጋ ብቻሽን ግድግዳ ስታዪ አልተውሽም። ወይ እዚያ ላይ ጥላ ይሠራ፣ ወይ ቤቱን ቆልፈን እኔ ጋ ትመጫለሽ።" ልጄን እወዳታለሁ። ግን በዚህ ዕድሜዬ ማንኪያ የት እንዳለ እየጠየቅሁ መኖር አልፈልግም።

አናጢ አስጠራሁ። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ መጣና ቴራሱን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ "እናቴ፣ ለዚህ የሚሆነው ፔርጎላ ነው" አለኝ። አራት ቋሚ ነው፣ ከላይ ጣውላ እንደ መሰላል ይደረደርበታል።

"እኛ ዳስ ነበር የምንለው" አልኩት።

"ዳስ ይፈርሳል። ፔርጎላ ይኖራል።"

ስሙ ሲረዝም ጣውላውም ይወፍራል መሰለኝ።

የጋራ ቦታ ላይ ለመሥራት ስምንቱም ባለቤት መፈረም አለበት። ከእኔ ሌላ ስድስቱ በአንድ ቀን ፈረሙ። ፀጉር ሠሪዋ ሳታነብ ፈረመች፤ የሁለተኛ ፎቁ ሹፌር "ለእርስዎ ከሆነ ቤተ መንግሥትም ይሥሩበት" አለኝ። ክቡር አቶ ደንቡ ግን ወረቀቱን ሦስት ቀን አቆዩት። ሲመለስልኝ ከፊርማ በቀር የሌለበት ነገር አልነበረም። አሥራ አራት ጥያቄ! "ከቀትር በፊት ጥላው የማን፣ ከቀትር በኋላስ የማን ነው?" የሚል ነበረበት። "ወፍ ቢሰፍርበት ማን ያስነሳል?" የሚልም።

ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም ወንበሩን እየያዘ ቴራሱ ላይ ወጣ። ሹፌሩ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

"አባቴ፣ እሳቸው የፈለጉት ጥላ ነው። ጥላ የእግዜር ነው። እግዜርንም እናስፈርም?"

"ቋሚው የእግዜር አይደለም" አሉ አቶ ደንቡ። ወደ አናጢው ዞሩ። "በምን ነው የሚታሰረው?"

"በቡሎን። ወለሉን በስተን።"

"ምን ያህል ትበሳለህ?"

"ቢበዛ አራት ጣት።"

ሜትራቸውን አወጡ። ከበሩ ጀምረው ለኩ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙና ወለሉን በተረከዛቸው መቱት። "ከዚህ ሥር ዝናብ እንዳይሰርግ የተነጠፈ ሽፋን አለ። እሱ ከተበሳ ውሃው የሚወርደው እዚህ ጋ ነው። እትዬ፣ ከዚህ ሥር ምን አለ?"

በሐሳቤ ወረድኩ። ደረጃው፣ በሩ፣ ኮሪደሩ፣ መኝታ ቤቱ።

"አልጋዬ" አልኩ።

"ትራስዎ" አሉ።

ፀጉር ሠሪዋ አፏን ያዘች። "ኧረ ጉድ፣ ትራሳቸውን ደግሞ የት አውቀውት ነው?"

ሚስታቸው ብቻ አልደነቃትም። "አልጋው የተገዛ ጊዜ ሲገባ አግዞ አልነበር? ያኔ ለክቶት ነዋ" አለች።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ስረግማቸው ነው የከረምኩት። የት ልግባ? ሰውየው ከእኔ ጋር የተጣሉ መስሎኝ ለካ ከዝናቡ ጋር ኖሯል ጠባቸው። ቢሆንም የልጄ ቃል ትዝ አለኝና ጠየቅሁ። "እንግዲህ ይቅር ማለት ነው?"

"ማን ይቅር አለ?" የደንቡን መጽሐፍ ከብብታቸው አወጡ። "ተንቀሳቃሽ ዕቃ በስምምነት ሊቀመጥ ይችላል ይላል። ወለሉ አይበሳ። ቋሚዎቹ ሲሚንቶ በተሞላ ሣጥን ይተከሉ። ያን ጊዜ ዕቃ ነው። እንደ ወንበር ቁጠሩት።"

"ስንት ኩንታል የሚመዝን ወንበር አይተው ያውቃሉ?" አለ አናጢው።

ሥራው ስምንት ቀን ፈጀ። አቶ ደንቡ ስምንቱንም ቀን አልቀሩም። "ሠላሳ ዓመት ስሠራ ሚስማር የቆጠረብኝ ሰው የለም" እያለ አናጢው ለእኔ ስሞታ ያሰማል፤ እኔም ሻይ እየቀዳሁ አባብለዋለሁ። በስምንተኛው ቀን አለቀ ብለን ስንደሰት ክቡርነታቸው እስክሪብቷቸውን ከፍተው ቆሙ፤ አልፈረሙም።

"ተንቀሳቃሽ መሆኑ ይረጋገጥ።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"ይንቀሳቀሳ።"

ስምንቱም ቤት ወጣ። በየሣጥኑ ሦስት ሦስት ሰው ቆመ፤ ሹፌሩ "አንድ፣ ሁለት" ብሎ ሦስት ሳይል ፀጉር ሠሪዋ ሳቋ አመለጣትና ሣጥኑን ለቀቀችው። እሷን ያየ ሁሉ ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ አያነሳም። አናጢው ሥራው ሲጎተት ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። በአራተኛው ሙከራ ያ ሁሉ ጣውላ ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሳ፤ እንደ ሰከረ ሰው ወዝወዝ አለና ሄደ። እኔም አንዱን ቋሚ በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ ማንሳቱን ተዉት፣ መያዙን ግን ይዣለሁ። አቶ ደንቡ ጎንበስ ብለው ለኩ።

"አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር።"

"እንመልሰው?" አለ ሹፌሩ እያለከለከ።

"ለምን ይመለሳል? ተንቀሳቅሷል።" ወረቀቱን የሹፌሩ ጀርባ ላይ አስደግፈው ፈረሙ።

ማንም አልወረደም። ላባችን እስኪደርቅ ሁላችንም ጥላው ውስጥ ተቀመጥን። ከስንቶቹ ጋር በደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጬ ዓመታት እንዳለፉ ያኔ ቆጠርኩ። ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ደንቡ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። ለመቀመጥ አይደለም፤ ለቁጥጥር ነው። ጣውላውን ያያያዙትን ቡሎኖች አንድ በአንድ በጣታቸው ይነካሉ፣ ሣጥኖቹ እንዳልተሰነጠቁ ያያሉ፣ ከዚያ "ውጤቱን ለመከታተል" እስኪመሽ ይቀመጣሉ። ደመናው እንኳ ቢዘገይ አስተያየት አላቸው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀሩ። የመጀመሪያውን ቀን "ተመስገን፣ ዛሬስ ጸጥታ ነው" አልኩ። በሁለተኛው ቀን ጸጥታው ከበደኝ። የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት እንኳ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ወረቀት ፈለግሁና በገዛ እጄ ጻፍኩ። "ጉዳዩ፦ ቁጥጥር ስለ መቋረጡ። ፔርጎላው ሁለት ቀን ሳይታይ ቀርቷል። አንድ ነገር ቢሆን ኃላፊነቱን አልወስድም።" በፀጉር ሠሪዋ እጅ ላክሁት።

ወዲያው ተመለሰ። ጥጉ ላይ በዚያ በመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው "ቀን የለውም፤ ተቀባይነት የለውም" ተብሎበታል።

ቀኑን ጽፌ መልሼ ላክሁት። ግማሽ ሰዓት አልቆየም፤ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ በርጩማቸውን ይዘው እያስነጠሱ ደረጃውን ወጡ። ከአራቱ ቋሚ ሁለቱን እንደነኩ ስልኬ ጮኸ።

"እማዬ፣ ብቻሽን ነሽ?" አለች ልጄ።

"አይደለሁም" አልኳት፤ "ቁጥጥር ላይ ነን። ኋላ ደውይ።"