አንዴ ያነበበውን የማይደግም ቀብር ጠሪ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ግትር ፍጡር የሚያናድደኝ የለም። ግትር ሰው እንኳ ይሸመገላል። ግትር ማሽንን ግን ማን ይሸመግለዋል?

እኔ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ፣ ሰው ሲሞት በስልክ መልእክት የሚጠራ ፕሮግራም ሥራልን ቢሉኝ ሠራሁ። ፕሮግራሙ በብዙ ፋይል የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ለእድርተኛው ይልካል፣ አንዱ ለድንኳን ተካዮች፣ አንዱ ለካህናቱ። የቀብሩን ሰዓት ግን ሦስቱም የሚወስዱት ከአንድ ፋይል ነው። ይህን ሁሉ እያነበበ የሚያስፈጽም አስተርጓሚ የሚሉት ጌታ አለ። ጌታው አንድን ፋይል መጀመሪያ ሲጠየቅ ያነበዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ይጠይቀው ማን፣ ያንኑ በሆዱ የያዘውን ያቀብላል እንጂ ዞር ብሎ አያይም። አዋቂዎቹ ይህን ቅልጥፍና ይሉታል። እኔ ስንፍና እለዋለሁ።

ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ጎረቤታችን ያረፉ ዕለት፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው ተባለና ጻፍኩ፤ ለራሴ ስልክ ልኬ ሞከርኩት፣ ሠራ። ወዲያው የሟች ወንድም ደወሉ። የሟቹ አንዲት ልጅ አስካለ ከአዲስ አበባ እየመጣች ነው፣ አባቷን ሳትሰናበት አፈር እንዳይለብሱ ቀብሩ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይዛወር አሉኝ። ፋይሉን ከፍቼ አስተካከልኩ፤ ፕሮግራሙን ግን፣ በሆዱ የያዘውን እንዲረሳ፣ ዘግቼ አልከፈትኩትም። ላክ አልኩት። ላከ፣ ስድስት ሰዓት ብሎ! እኔም ያወቅሁት ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እድርተኛው፣ ድንኳን ተካዩ፣ ካህኑ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ተሳሳቱ። ለአንዱ እንኳ የተለየ ሰዓት ቢደርሰው ይጠረጥር ነበር እኮ!

በስድስት ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞላ። ፍትሐቱ አለቀ፣ አስካለ የለችም። የተሳፈረችበት አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ቆሟል። ነፋሱ የመንዝ ነፋስ ነው፣ የሱፍ ባና ሰንጥቆ ይገባል። አስከሬን ማቆየት ደግ አይደለም፣ እንቅበር የሚሉ ተነሡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ደምሴ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና፣ ልጅቱ ሳትመጣ አልነሣም፣ የቸኮለ ይሂድ አሉ። ሬሳ አፈር ሳይለብስ ጥሎ የሚሄድ ደግሞ እኛ አገር ማን አለ? ሁሉም ቁጭ አለ። ከዚያ ስለ ጋሽ ተክሌ ወሬ ተጀመረ፤ በሬያቸውን ለጎረቤት አውሰው የራሳቸው መሬት ጦም ያደረበት ክረምት ሳይቀር ተነሣ።

አስካለ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ደረሰች። ያን ሁሉ ሕዝብ በብርድ ተኮራምቶ ስታይ እሷን ብሎ የጠበቃት መሰላት። ተሳስታለች እንዴ? ሣጥኑ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ቀብረን ስናበቃም እየዞረች የሁሉንም ጉልበት ሳመች፤ የእኔንም! አንገቴን ደፋሁ።

በሣልስቱ ጋሽ ደምሴ ጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ፣ ገና ሳይጀምሩ፣ ጥፋቱን አግኝቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ፋይሉ ሲለወጥ ማሽኑ ደግሞ ያነባል፣ ሕዝቡም በትክክለኛው ሰዓት ይጠራል አልኳቸው። እሳቸው ግን፣ በትክክለኛው ሰዓት የተጠራ ሰው ቀብሮ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ማን ቁጭ ብሎ ስለ ሟቹ ያወራል? አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእኔም ልጅ ያለችው ሩቅ ነው፣ እኔን እስክትቀብሩ ማሽኑን አትንካው አሉኝ።