ይሄ ማንጋ ነው?

(ሳሎን። ቅዳሜ ከሰዓት። ሊቁ ከታች የተተኮሰ ሱሪ፣ ከላይ ካናቴራ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ክራቫት አስሯል፤ ሸሚዝ ግን የለውም። ሸሚዙ መታጠቢያ ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆድ ውስጥ ተቆልፎበታል። እጅጌው በመስታወቱ በር ላይ ተለጥፎ «አውጡኝ» የሚል ይመስላል። ሊቁ ማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሊቁ የተባለው «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ሲያርም እንጂ ሲናገር የሰማው ሰው ስለሌለ ነው። ፈዙ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ማሽኑን እንዲከፍት ተጠርቶ መጥቶ፣ በሩን እንደ እንግዳ ሲያንኳኳ ከቆየ በኋላ ስልክ ይዞ ብቅ ብሏል።)

ፈዙ፦ ጋሼ፣ ስማኝማ! ማን ጋ ነው?

ሊቁ፦ ማንጋ ነው አልኩህ እኮ!

ፈዙ፦ እኮ ማን ጋ?

ሊቁ፦ አዎ፣ ማንጋ!

ፈዙ፦ እኔ ስጠይቅህ መልሰህ እኔኑ ትጠይቀኛለህ? እህቴ ስልክ ላይ ናት። «ያ መጽሐፍ ማን ጋ ነው?» እያለች ነው። ምን ልበላት?

ሊቁ፦ (ፊቱ በርቶ) እሷም ደረሰችበት? ተመስገን! ስንት ዘመን ለፍቼባታለሁ! «አዎ፣ ማንጋ ነው» በላት።

ፈዙ፦ (ወደ ስልኩ) አዎ፣ ማን ጋ ነው ይልሻል። (ስልኩን ከጆሮው ያርቃል።) ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሊቁ፦ ደንግጣ ነው። እውቀት መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። ይልቅ በሩስ?

ፈዙ፦ እምቢ አለ። ሌላ ሸሚዝ ብትለብስስ?

ሊቁ፦ የትኛውን? እህትህ ያለኝን ሁሉ ሰብስባ እዚያው ከታዋለች። ዛሬ የአንባቢያን ማኅበሩ ሊቀመንበሩን ይመርጣል፤ ወይ እኔን፣ ወይ ያንን የጥርስ ሐኪም። በካናቴራ ልመረጥ ነው?

ፈዙ፦ ክራቫቱ ትንሽ ይሸፍንልሃል እኮ።

ሊቁ፦ አንተ ልጅ፣ ፈዙ ያሉህ ወደው አይደለም! ዛሬ ማንም ስለማያውቀው ማንጋ ትንታኔ አቀርባለሁ። (ከሶፋው ላይ ሽፋን የሌላት፣ በባዕድ ፊደል የታተመች ቀጭን መጽሐፍ ያነሳል፤ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዟታል።) ይኸው!

ፈዙ፦ ሥዕል ነው እንዴ?

ሊቁ፦ ማንጋ ማለት የጃፓኖች በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው። የታወቁትን ማንም ያነባቸዋል። እኔ የማነበው የማይታወቁትን ነው። ታወቀ ማለት ተበላሸ ማለት ነው።

ፈዙ፦ ይሄንንስ ማን ያውቀዋል?

ሊቁ፦ ከኔ በቀር ማንም!

ፈዙ፦ ታዲያ ባንተ ተበላሽቷላ።

(ሊቁ ያዝናል። ለራሱ አይደለም፤ ለሰው ልጅ። ፈዙ መጽሐፏን ተቀብሎ ከፊት ሊገልጥ ሲል ሊቁ ይነጥቀዋል።)

ሊቁ፦ ኧረ በፈጠረህ! ከኋላ ነው የሚጀመረው! ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ይሄን የማያውቅ አንባቢ ሱሪውን በጭንቅላቱ በኩል ያጠልቃል።

ፈዙ፦ እና መጀመሪያው መጨረሻው ነው?

ሊቁ፦ መጨረሻው መጀመሪያው ነው።

ፈዙ፦ እንዲያ ከሆነ የማጠቢያውም በር በጀርባው በኩል ይሆን እንዴ?

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ተመልከት! ታሪኩ በጎርፍ ይጀምራል። ቤቱን ውኃ ሞልቶታል። ሰውዬው ራሱን ይዟል። አጠገቡ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ነጭ አውሬ ተገትሯል።

ፈዙ፦ (አጎንብሶ) ይሄን አውሬ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ።

ሊቁ፦ አላየኸውም። ምልክት ነው። ቀጥሎ ሰውዬው ይንበረከክና ከአውሬው ሥር ባለች ጉድጓድ ሳንቲም፣ የልብስ ቁልፍ፣ የፀጉር ማስያዣ ያስገባል። ግብር እያገባ ነው! ሊያባብለው!

ፈዙ፦ የናንተም ማሽን ሳንቲም ይወዳል።

ሊቁ፦ አታቋርጠኝ! ከዚያ አንዲት ሴት ተጣጥፎ የተቀመጠ ንጹሕ ልብስ ለአውሬው ትሰጠዋለች። አውሬው ሲያሽከረክር፣ ሲያሽከረክር ቆይቶ ይመልስላታል። እንዴት አድርጎ? ቆሽሾ!

ፈዙ፦ ቆሽሾ?

ሊቁ፦ ጭቃ በጭቃ! ንጹሕ ሆነህ ትገባለህ፣ ቆሽሸህ ትወጣለህ። ሕይወት ይሄው አይደለም? እዚህ ጋ ስደርስ አላስችል ብሎኝ መነጽሬን አወለቅኩ።

ፈዙ፦ እናንተስ ማሽኑን ለዚህ ነው የገዛችሁት?

ሊቁ፦ በመጨረሻ ሁለት ሰዎች አውሬውን ተሸክመው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ይከድኑታል። ቀብር ነው። አንድ ለቅሶ የለ፣ አንድ ቃል የለ።

ፈዙ፦ ሣጥኑ ላይ የተሳለችው ብርጭቆስ?

ሊቁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የሕይወት ጽዋ ናት።

(ፈዙ በሩን የረሳው ይመስላል። አፉን ከፍቷል። ሊቁ ይህችን የተከፈተች አፍ ይወዳታል፤ ሚስቱ ፊት ላይ አይቷት አያውቅም።)

ፈዙ፦ ይሄን ሁሉ ጽፈህ ለጠፍከው?

ሊቁ፦ የማኅበሩ ገጽ ላይ፣ ከነፎቶው። እስቲ ስልክህ ላይ አውጣና የአንባቢያኑን አስተያየት አሰማኝ፤ ክራቫቴን ላስተካክል።

ፈዙ፦ (እየፈለገ) አገኘሁት። «ጎርፉ ላይ ስደርስ አለቀስኩ። የኔ ሕይወት ነው።»

ሊቁ፦ ስሜት ያለው አንባቢ።

ፈዙ፦ «እኔ ይሄን ስከታተል ማንም አያውቀውም ነበር። አሁን ሁሉም ሲያወራለት ተውኩት።»

ሊቁ፦ ይሄ የኔ ዓይነት ሰው ነው።

ፈዙ፦ «ሥዕሉ ድንቅ ነው፤ ትርጉሙ ግን ገደለው።» ጋሼ፣ ተተርጉሟል እንዴ?

ሊቁ፦ አልተተረጎመም። ሳይተረጎም ገድሎት ይሆናል።

ፈዙ፦ «አውሬው ቁርጥ አጎቴን።»

ሊቁ፦ እሱን ዝለለው።

ፈዙ፦ ይቺ ደግሞ የአበባ ፎቶ ያላት ናት። «ይሄ ማንጋ ነው?» ትላለች።

ሊቁ፦ (ክራቫቱን ለቀቀው) ያቺ ምቀኛ! ማንጋነቱን ተጠራጠረች! የሰጠኋትን መልስ አንብበው፣ አንብበው!

ፈዙ፦ «ቤትሽ መጽሐፍ ገብቶ እንደማያውቅ ከጥያቄሽ ያስታውቃል። አብሮሽ የሚኖረው ሰው እንዴት እንደሚችልሽ ፈጣሪ ይወቀው።» ጋሼ…

ሊቁ፦ ጠንከር አለ?

ፈዙ፦ አይ፣ ይቺንም አበባ የሆነ ቦታ አይቻታለሁ። (ጣቱን እያንሸራተተ) ኧረ የጥርስ ሐኪሙም አለበት! «ድሮ ነው አንብቤ የጨረስኩት። ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ቅጽ ያደንቃሉ፤ ሁለተኛው ግን በብዙ ይበልጣል። ዛሬ ስብሰባው ላይ አቅራቢውን ስለ ሁለተኛው እጠይቃለሁ።»

(ሊቁ በእጁ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ ሁለተኛ ቅጽ አለው እንዴ?

ፈዙ፦ እኔን ትጠይቀኛለህ? የመጀመሪያውን ከየት አገኘኸው?

ሊቁ፦ እዚሁ፣ ማጠቢያው ላይ ተቀምጦ። አንስቼ «ይሄ ምንድን ነው?» ስል እህትህ ከመኝታ ቤት ጮክ ብላ «ማንጋ ነው!» አለችኝ።

ፈዙ፦ እህቴ? እህቴ ማንጋ ታውቃለች?

ሊቁ፦ እኔም ገርሞኝ ነበር። ከኔ ጋር ኖራ ኖራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ምን ይዋጠኝ! ያ ጥርስ ነቃይ በሰው ፊት ሊነቅለኝ ነው!

ፈዙ፦ ቆይ፣ የማሽኑ ካርቶን ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ ሳላይ አልቀረሁም።

(ሮጦ ይወጣል። ካርቶን ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ተመልሶ ሌላ ቀጭን መጽሐፍ ያውለበልባል።)

ፈዙ፦ ይኸውልህ! ያው አውሬ፣ ያው ጎርፍ! ይሄኛው ግን በኛው ፊደል ነው!

ሊቁ፦ የተተረጎመው! አየህ? ያ ሰውዬ እውነቱን ነበር! በል አንብብ፤ ከኋላ!

ፈዙ፦ (ከኋላ ገልጦ) «የአንድ ዓመት ዋስትና።»

ሊቁ፦ እንዴት ያለ አጀማመር ነው! ለሰው ልጅ የተሰጠው ዋስትና አንድ ዓመት ብቻ! ቀጥል።

ፈዙ፦ «ውኃ ወለል ላይ ከፈሰሰ ቱቦው ጠብቆ መግባቱን ያረጋግጡ።»

ሊቁ፦ ቱቦው… አዎ። ቱቦው ጥልቅ ነገር ነው። ቀጥል።

ፈዙ፦ «ማጣሪያውን በየጊዜው አውጥተው ሳንቲም፣ የልብስ ቁልፍና የመሳሰሉትን ያስወግዱ።»

ሊቁ፦ ያስወግዱ? ያስገቡ አይልም?

ፈዙ፦ ያስወግዱ ነው የሚለው። ከተሳሳተ አራሚው አንተ ነህ፤ አርመው።

(ሊቁ መጽሐፏን ተቀብሎ ሽፋኗን ያያል። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ጆሮው ብቻ ቀስ እያለ ይቀላል።)

ሊቁ፦ በቃ፣ ይሄ ቅጽ ደካማ ነው። ወስደህ ከየት እንዳመጣኸው መልሰው።

ፈዙ፦ ኧረ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ደርሰን! (ይነጥቀዋል።) «በሩ አልከፈት ካለ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ጥቂት ይጠብቁ። በማጣሪያው አጠገብ ያለችውን ገመድ ቀስ ብለው ወደ ታች ይሳቡ።» ጋሼ፣ ሰውዬው ሊከፍተው ነው እኮ!

(ከነመጽሐፉ፣ ከነስልኩ ይሮጣል። ሊቁ እጁን ዘርግቶ ይቀራል። ከመታጠቢያ ቤት ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ውኃ ሲንዶለዶል፣ ከዚያም የእልልታ ያህል ሳቅ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ፈዙ ሸሚዙን እያንጠባጠበ ይመጣል።)

ፈዙ፦ እንካ! ንጹሕ ሆኖ ነው የወጣው፤ እንደ መጀመሪያው ቅጽ አይደለም።

ሊቁ፦ (ሸሚዙን ተቀብሎ፣ ቀስ ብሎ) ፈዙዬ… እህትህ ግን ያን ቀን ማንጋ ነው ብላኛለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፈዙ፦ (ግንባሩን ይመታል) ቆይ! ቆይ! መጽሐፉን ስትፈልግ ነበራ! «ማን ጋ ነው?» ነው ያለችህ! አበባዋንም አሁን አስታወስኳት፤ የእህቴ ናት፤ የመኝታ ቤታችሁ መጋረጃ ላይ ያለችው አበባ። ፎቶውን ስታይ «ይሄ ማን ጋ ነው?» ብላ ጻፈች። አንተ ደግሞ በአደባባይ…

ሊቁ፦ እባክህ አትድገመው።

ፈዙ፦ «አብሮሽ የሚኖረው ሰው እንዴት እንደሚችልሽ…»

ሊቁ፦ አትድገመው አልኩህ! (ብድግ ብሎ ትከሻውን ያቅፈዋል።) ስማ፣ ወንድሜ፣ የሚስቴ ወንድም ብቻ አይደለህም፣ የኔም ነህ። ይሄ ነገር ከዚህ ቤት አይውጣ። እርጥቡን ለብሼ እሄድና ትንታኔዬን አቀርባለሁ። ማንም ቃል አይተነፍስም።

ፈዙ፦ ቢያውቁብህስ?

ሊቁ፦ እንዴት ያውቁብኛል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው። ሁሉም አንብቤዋለሁ ብሎ ፈርሟል። አላነበብኩም የሚል ወንድ የለም።

ፈዙ፦ የጥርስ ሐኪሙስ?

ሊቁ፦ እሱማ ዋናው ምስክሬ ነው! ሁለተኛው ቅጽ ይበልጣል ያለው ማን ሆነና!

ፈዙ፦ (ራሱን እያከከ) ውይ ጋሼ… ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት።

ሊቁ፦ ምን አድርገህ ነው?

ፈዙ፦ በሩ ሲከፈት ደስ አለኝና እኔም አስተያየት ጻፍኩ። «ዛሬ አነበብኩት። በጣም ይጠቅማል። የናንተም በር እምቢ ካላችሁ ገመዷን ሳቡ።» ከነሽፋኑ ፎቶ።

ሊቁ፦ የትኛው ሽፋን?

ፈዙ፦ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀም መመሪያ» የሚለው። ጥሩ አድርጎ ነው የወጣው፤ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል።

(የፈዙ ስልክ ይጮሃል። ደግሞ ይጮሃል። ሳያቋርጥ ይጮሃል።)

ሊቁ፦ ምን… ምን እያሉ ነው?

ፈዙ፦ ያ ያለቀሰው፣ «ያለቀስኩት እኮ በሳቅ ነበር» ይላል። ትርጉሙ ገደለው ያለው፣ «ትርጉሙ ውኃ የመሰለ ነው» ይላል። የጥርስ ሐኪሙ፣ «ከመጀመሪያው አውቄያለሁ፤ አቅራቢውን ልፈትነው ብዬ ነው።»

ሊቁ፦ ውሸታም! ሁላቸውም ውሸታም!

ፈዙ፦ (እያነበበ፣ ዓይኑ እየፈጠጠ) የማኅበሩ ጸሐፊ ደግሞ፣ «በዚህ ገጽ ከተጻፉት አስተያየቶች ሁሉ ይቺን የጻፋት ብቻ መጽሐፉን አንብቦታል። የኔም ማሽን በር ተከፍቶልኛል። የአስተያየቱ ባለቤት ዛሬ መጥተው ንግግር እንዲያደርጉልን ይሁን፤ ለሊቀመንበርነትም እሳቸውን ጠቁሜያለሁ።»

ሊቁ፦ እሳቸው ማን ናቸው?

ፈዙ፦ እኔ ነኝ መሰለኝ፣ ጋሼ። የጥርስ ሐኪሙም ደግፎኛል።

(ከውጭ የግቢው በር ሲከፈትና የሴት ጫማ ቋ ቋ እያለ ሲመጣ ይሰማል። ፈዙ የለበሳትን ቀዳዳ ቲሸርት ቁልቁል ያያታል፤ ከዚያ ዓይኑን ቀስ ብሎ ሊቁ እጅ ላይ ወደሚንጠባጠበው ሸሚዝ ያዞራል።)

ፈዙ፦ ጋሼ፣ አንተ እንግዲህ ከእህቴ ጋር ብዙ የምትነጋገሩት አለ፤ የትም አትሄድም። ሸሚዙን ታውሰኛለህ?