ዘር ልቆጥር ሄጄ የሰው ለቅሶ ላይ

ከባለቤቴ ከግርማ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ምስር መልቀም ነው። ጠጠሩን እየጣለ አያት ቅድመ አያቶቹን ሲቆጥርልኝ አራተኛው ላይ ቆመና «የቀሩትን ጋሼ ታደሰ ያውቃሉ» አለኝ። በሳምንቱ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ምን ጉድ እንደሠራሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ልጃችን ሃና ልትታጭ ነው። የእጮኛዋ አባት የግርማ አገር ሰው ሆነው ተገኙና «እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ቀለበት የለም» አሉ።

ሃና የናይሮቢ ልጅ ናት። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ዲኤንኤ ቴስት እናድርግና ይለይልን!»

የግርማን የድሮ ወረቀቶች አገላበጥኩ። የትምህርት ቤት ካርድ፣ ፓስፖርት፣ የስደተኛ መታወቂያ። ሁሉም የሚያውቁት ሦስት ስም ብቻ። መንግሥት ከአያት አያልፍም!

የቀሩት ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ የግርማ አባት የአጎት ልጅ። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር እንደሚኖሩ ሰምቼ ደወልኩ። «ቅዳሜ ነይ ልጄ፣ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ።

ጥቁሬን ለብሼ ማታቱ፣ የናይሮቢን ሚኒባስ፣ ተሳፈርኩ።

የግቢው ዘበኛ የማንን ቤት እንደምፈልግ ሳልነግረው «ፖሌ ሳና፣ ማማ» ብሎ አጽናናኝና አንድ በር አሳየኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ነው!

በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሐበሾች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። መሃላቸው አንድ አዛውንት።

ለግርማ ተሰብስበው የጠበቁኝ መሰለኝ።

አዛውንቱ አንገት ላይ ተጠምጥሜ «ወይኔ ግርማዬ!» አልኩ። እሳቸውም «ወይኔ አልማዜ!» አሉ።

አልማዝ ማን ናት? አልጠየቅኩም! ለቅሶ ላይ ሁሉም የየራሱን ሙት አይደል የሚያነሳው?

አንድ ረጅም ሽማግሌ እየሮጡ መጥተው ደግፈው አስቀመጡኝ፤ ውሃም ሰጡኝ።

ፊቴን ጠረግሁና ስልኬን ሪከርድ ላይ አድርጌ ወደ አዛውንቱ ዞርኩ። «እንግዲህ አባቴ፣ ቅድመ አያትዎን ይቁጠሩልኝ።»

አዛውንቱ ትኩር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ የባለቤቴ ዘመድ ነሽ ወይስ የሥራ ባልደረባዋ?»

ባለቤታቸው! አልማዝ! የተቀበሩት ትናንት ነው!

ውሃ የሰጡኝ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታደሰ እኔ ነኝ፤ ጎረቤት። ቤቴ ሆኜ ስጠብቅሽ ጩኸት ሰማሁና የሟች እህት ደረሰች ብዬ ሮጥኩ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!

መጀመሪያ የሳቁት ሚስት የሞተባቸው አዛውንት ናቸው። «ከትናንት ጀምሮ እንደዚች አምርሮ ያለቀሰልን የለም። በል ታደሰ፣ ቁጠርላት፤ እዚሁ!»

ጋሼ ታደሰ ቆጠሩ። ለቀስተኛውም አብሮ በጣቱ ቆጠረ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት! የእጮኛዋ አባት ከላኩልኝ ስሞች ጋር አስተያየሁት፤ አንዱም አይገናኝም። ሃና ቀለበቷን ታደርጋለች!

እስቲ ፍረዱኝ፤ የባሏን ዘመድ ፍለጋ ወጥታ ለሰው ሚስት አልቅሳ የምትመለስ ከእኔ ሌላ አለች?

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለአዛውንቱ ምሳ ይዤ ኢምባካሲ እሄዳለሁ፤ እሳቸው የወይዘሮ አልማዝን ዘር ይቆጥራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።