ክቡር ዳይሬክተርና አሥራ አንዱ ደቂቃ

የትኛውም መሥሪያ ቤት ግቡ፤ ፊልም ሊሠራ ተፈጥሮ ሌላ ሥራ ላይ የወደቀ አንድ ሰው አታጡም። ሪፖርት ሲያቀርብ መብራት ያስጠፋል። ባልደረባ ሲሰናበት ንግግር ያደርግና ራሱ ያለቅሳል።

አራት ሰው ባለባት አንዲት የቪዲዮ ጌም መሥሪያ ቤት ደግሞ የዚህ ወገን አውራ ተቀምጠዋል። ሠራተኞቹ "ክቡር ዳይሬክተር" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ቀልድ መሆኑን እስካሁን አልጠረጠሩም።

የሚሠሩት ጌም የድብብቆሽ ነው። አንዲት ልጅ የታሰረ አባቷን ለማስመለጥ በዘበኞች መሀል ትሾልካለች። ዘበኞቹ ወዴት እንደሚዞሩ፣ ምን ኮቴ እንደሚሰሙ የምትወስነው ፕሮግራመሯ ናት፤ "የዘበኞች እናት" ትባላለች። ስምንት ወር ሙሉ ለፍታባቸዋለች።

ክቡርነታቸው ግን ለዘበኛ ደንታም የላቸው። ተጫዋቹ መጋረጃ ጀርባ ትንፋሹን ውጦ ሲቆም ጨዋታውን ቀጥ ያደርጉና እንደ ፊልም አንድ ጄኔራል ስክሪኑ ላይ ያመጣሉ። ጄኔራሉ የአባትየውን ታሪክ ከልደቱ ጀምሮ ይተርካል። አሥራ አንድ ደቂቃ!

"ኧረ ጋሼ፣ ሰው ሊጫወት ነው የመጣው!" ትላለች የዘበኞች እናት።

"እጁን አጣጥፎ ይመልከት!" ይላሉ። መፈክራቸው ናት።

ባለፈው ሙከራ አንዱ ተጫዋች እጁን አላጣጠፈም። እናቱ ጋ ደወለ፤ የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ጠይቆ ስልኩን ሲዘጋ ጄኔራሉ ገና የአባትየው ልጅነት ላይ ነበር።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ጥሩ። አከፋፋዩ ድርጅት ግን ቁርጡን ተናገረ፤ አርብ ከሚመጡት አሥር ሞካሪዎች ሰባቱ እስከ መጨረሻው ካልተጫወቱ ጌሙ ይቀራል።

"የጄኔራሉ ትረካ ይቆረጥ!" አለች የዘበኞች እናት።

"እሱን ከምትቆርጪ እኔን ቁረጪኝ!"

ረቡዕ ዕለት መጫወቻውን ጆይስቲክ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። "እስቲ ራስዎ ይጫወቱት።"

ጉድ ፈላ! ለካ በሁለት ዓመት አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም። የመጀመሪያው ዘበኛ አሥራ ሰባት ጊዜ ያዛቸው።

"ይሄ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው?"

"ሥራው ነው ጋሼ።"

በአሥራ ስምንተኛው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ሁለት ዘበኞች መጥተው አጠገባቸው ቆሙና ስለ እስረኛው ማውጋት ጀመሩ። የጄኔራሉን ትረካ ቆራርሳ ለዘበኞቿ አከፋፍላው ነበር። መስማት የፈለገ ተደብቆ ያዳምጣል፤ ያልፈለገ ሾልኮ ይሄዳል።

ክቡርነታቸው ንቅንቅ አላሉም።

"መንገዱ ክፍት ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው!" ጥቂት ቆይተው "እንዴት ያምራል! ማን ጻፈው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት።"

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። አንዲት ትዕይንት ብቻ ለመኑ፤ አባትየው ነፃ ሲወጣ እጁን በሴት ልጁ ራስ ላይ የሚያደርግባትን። አርባ ሴኮንድ ናት። አንጀቷ አልችል ብሎ ተወችላቸው።

አርብ ከአሥሩ ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ደረሱ። አባትየው እጁን ሲዘረጋ አንድም ሰው ትዕይንቱን ለማሳለፍ ቁልፍ አልነካም። የዘበኞች እናት ከኋላ ቆማለች። ያቺን ትዕይንት መቶ ጊዜ አይታታለች፤ ዛሬም ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ እጇም ደረቷ ላይ ተጣጥፏል።

ክቡር ዳይሬክተር ጎንበስ ብለው "እጅሽን አጣጠፍሽ አይደል?" አሏት በሹክሹክታ።

"ዘበኞቼን እያየሁ ነው" አለች።

እዚያ ትዕይንት ውስጥ አንድም ዘበኛ የለም።