ከቲኬት መስኮት ዞረው የሚሄዱት አያ ባየህ

የሰው ልጅ በሁለት መደብ ይከፈላል፤ ዋጋ ሲነገረው ኪሱን የሚዳብስና ዋጋ ሲነገረው የሚስቅ። የቀረው ክፍፍል ሁሉ የአድኃሪያን ፈጠራ ነው። የሚስቀውን በየሰፈራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጫማ ሊገዛ ገብቶ ባለሱቁን የሚያስለቅስ፣ ለአንድ እስር ሽንኩርት የጦር ምክር የሚቀመጥ። በእኛ ሰፈር፣ ከካርሜል ተራራ ግርጌ ባለችው ሃሊሳ፣ የዚህ መደብ ሊቀመንበር ክቡር አያ ባየህ ናቸው።

ስልታቸውን ይዘው የመጡት ከጎንደር ገበያ ነው። ዋጋ ይጠይቃሉ። ይስቃሉ። «ቤሰደር፣ እሺ ይሁን፣ መጨረሻውን ንገረኝ» ይላሉ። ከዚያ ዞረው ይሄዳሉ፤ ቀስ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ሻጩ እስኪጠራቸው። በዚህ ዓይነት ምድጃ ገዝተዋል፣ አልጋ ገዝተዋል። ከአውቶቡስ ሹፌር ጋርም ሞክረውት ነበር፤ አውቶቡሱ ሄደ።

«እኔን ሊያጩኝ ሽማግሌ መላክ ሲገባቸው ራሳቸው መጥተው በጥሎሽ ተከራከሩ» ትላለች ባለቤታቸው እቴ ተናኜ። «ከዚያ ወጥተው ሄዱ። አባቴ ባይጠሯቸው ኖሮ ዛሬ አርፌ ነበር።»

ታዲያ እኚህ ሰው ኳስ ይወዳሉ። እኔ በበኩሌ ኳስን የማውቀው ሃያ ሁለት ጎልማሳ በአንድ የግል ንብረት የሚጣላበት ትርዒት አድርጌ ነው። ለእሳቸው ግን ሌላ ነው። ወደብ ላይ መጋዘን ሲጠርጉ «አንተ፣ እዚያ ያለኸው!» ነው የሚባሉት። በሰንበት ከስታዲየሙ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ሲወጡ ግን ሞሮኮው፣ ሮማንያው፣ ያ ጥርስ አልባ ዓሣ ሻጭ ሳይቀር «ባየህ መጣ!» ብሎ ቦታ ይለቅላቸዋል። ከሃሊሳ ውጭ በስማቸው የሚጠሩት እዚያ ብቻ ነው።

የምንደግፈው ቡድን ዋንጫ በላ። ዋንጫ የለመደ አፍ ደግሞ ወደ ደጋፊው ዞረ፤ የመግቢያው ዋጋ እጥፍ ሆነ። ከካርሜል ተራራ በመኪና የሚወርደው ጌታ ጣራ ካለው ወንበሩ ላይ ተንደላቀቀ። የእኛ ደረጃ ዝናብ ብቻ ተቀመጠበት።

ጨዋታው ቅዳሜ፣ በሰንበት ነው፤ አያ ባየህ ደግሞ በሰንበት ገንዘብ አይነኩም። ስለዚህ ቲኬቱን ዓርብ ይገዛሉ፣ በማግስቱ በእግራቸው ይሄዳሉ። በዚያ ዓርብ አዲሱን ዋጋ ሰምተው እንደ ልማዳቸው ሳቁ፤ ዞረውም ሄዱ። ማን ይጥራቸው? የቲኬት መስኮት እኮ ነው! ከኋላቸው ተዘጋ። በሰንበት ከስታዲየሙ ግንብ ውጭ ቆመው ውጤቱን ከጩኸቱ ሲገምቱ አገኘኋቸው።

«ማን አገባ፣ አያ ባየህ?»

«ግንቡን ጠይቀው።»

እኔም ግዴታዬን ተወጣሁ፤ «ሰፊው ተመልካች ሆይ፣ ተነሥ!» የሚል ወረቀት ጽፌ በሰፈሩ በተንሁ። ዓሣ ሻጩ ዓሣ ጠቀለለበት።

አያ ባየህ ወረቀቴን አላነበቡም። «ስሕተቴ ገብቶኛል» አሉ። «አንድ ሰው ሄደ ብሎ ማን ይደነግጣል? መሄድ ያለብን ሁላችንም ነን።» ሳምንቱን ሙሉ ሮማንያዎቹን አሳሳቅ ሲያስተምሩ ሰነበቱ።

ዓርብ ከሰዓት የሃሊሳ ሰው በሙሉ ከመስኮቱ ፊት ተሰለፈ። እያንዳንዱ ዋጋ ጠየቀ፣ ሳቀ፣ ባልተገራ አማርኛ «መጨረሻውን ንገረኝ» አለ። ከዚያ ሰልፉ እንዳለ ዞሮ ሄደ። ሌላው ነገ በር ላይ መግዛት ይችላል፤ ለአያ ባየህ ግን ያ መስኮት ከተዘጋ አለቀ። ሰንበት ልትገባ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እያዘነበለች ነው።

«ሊዘጋ ነው፣ ይመለሱና ይክፈሉ!» አልኋቸው።

«አንገትህን እንዳታዞር! ደግሞ ቀስ በል፣ እንዲህ ከሮጥህ እንዴት ብሎ ይጥራን?»

የመስኮቱ ብረት ተንቋቋ። አበቃ አልሁ። ወዲያው «ቦኡ ሬጋ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ በዕብራይስጥ ኑ እስኪ አንዴ ማለቱ ነው። ቲኬት ሻጩ ወገቡ ድረስ በመስኮቱ ወጥቶ የስልክ እጀታ ያወዛውዛል። ጽሕፈት ቤቱን ጠይቆ ኖሯል፤ በቡድን ለሚገዛ የሠራተኛ ዋጋ አለ፤ ያው የድሮው!

ሰልፉ ሊሮጥ ሲል አያ ባየህ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁሙ! በአንድ ጥሪ የሚመለስ ቀላል ሰው ነው።»

ጀርባችንን እንደሰጠን ቆምን። ሰውየው ሁለተኛ ጠራ።

ያኔ ዞርን። ከተማ አስገብሮ እንደሚመለስ ሠራዊት፣ አያ ባየህ ከፊት፣ ዓሣ ሻጩ ከኋላ እያፏጨ።

በማግስቱ ዝናብ ነበር፤ ደረጃው ግን እግር መጣያ አልነበረውም። እኔ የሄድሁት ሕዝቡን ለመታዘብ ብቻ ነው። አያ ባየህ ብቅ ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ «ባየህ መጣ!» ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። ድምፄ ጥሎኝ ሄዶ ማክሰኞ ነው የተመለሰው፤ ያውም ሁለት ጊዜ ተጠርቶ።